ከባድ ማሽን ሲነሳ ማንም ሰው ሊናገረው የሚችል አንድ ቃል አለ፦ «ቁም!»

ባለፈው ክረምት ለሌላ ዘገባ አዲስ አበባ ውስጥ ወደሚገኝ አንድ የብረታ ብረት ወርክሾፕ ሄደን ነበር። ስንደርስ ግቢው ውስጥ አንድ ያገለገለ የቶርኖ ማሽን ከመኪና ላይ እየወረደ ነው። ክሬኑ ማሽኑን በሁለት ቀበቶ ይዞታል። እኛም ስልካችንን አውጥተን መቅረጽ ጀመርን።

ማሽኑ ከመኪናው ወለል ትንሽ ከፍ እንዳለ በአንድ በኩል ዘመመ። አንዱ «አውርደው!»፣ ሌላው «ጨምር! ጨምር!»፣ ሦስተኛው «ወደዚህ ሳበው!» እያለ ይጮሃል። የክሬኑ ኦፕሬተር የትኛውን እንደሚሰማ እንጃ። በዚህ መሃል ለዕለቱ ሥራ የመጣ፣ ከሁሉም በዕድሜ የሚያንስ አንድ ልጅ «ግባና ግፋው» ተባለ። ገባ። ማሽኑ ዞረና እጁን ከመኪናው ስፖንዳ ጋር አጣበቀው። ልጁ ሁለት ጣቱን አጣ።

ቪዲዮው አሁንም ስልካችን ላይ አለ። አልለጠፍነውም፣ አንለጥፈውምም። ግን ደጋግመን አይተነዋል። ማሽኑ መዝመም ከጀመረበት ልጁ እስከተጎዳበት 11 ሰከንድ አለ። በእነዚያ 11 ሰከንዶች ውስጥ እኛን ጨምሮ «ቁም!» ያለ አንድም ሰው አልነበረም። እኛ ስለ ክሬን ምን እናውቃለን ብለን ዝም አልን።

ከዚያ በኋላ ግቢው ውስጥ ስንሰማ የዋልነው «ምን ይደረግ፣ እድሉ ነው» የሚል ነበር። ይሄ ነገር ከጭንቅላታችን አልወጣ ስላለ ስለ ከባድ ዕቃ አነሳስ ማንበብና የሥራውን ሰዎች መጠየቅ ጀመርን። የተረዳነውን በአጭሩ ስንናገር፣ አብዛኛው አደጋ የሚወሰነው ዕቃው ከመሬት ሳይነሳ በፊት ነው። ለማወቅ ደግሞ ኢንጂነር መሆን አይጠይቅም። ጫኝና አውራጅ የሆናችሁ፣ ጋራዥና ሳይት የምትሠሩ፣ ጀነሬተር ሲወርድ ቆማችሁ የምታዩም ብትሆኑ ይጠቅማችኋል።

1. መጀመሪያ፦ ስንት ኪሎ ነው?

«በዓይን ሲታይ አንድ ቶን ቢሆን ነው» የሚባለው ነገር አይሠራም። አብዛኛው ማሽን ላይ ክብደቱ የተጻፈበት ትንሽ የብረት ሰሌዳ አለ። ቀለም ሸፍኖት ወይም ዘይት ለብሶት ሊሆን ስለሚችል ጠርጋችሁ አንብቡ። ሰሌዳ ከሌለ የማሽኑን ሞዴል ስልካችሁ ላይ ፈልጉ፣ መመሪያው ላይ ክብደቱ ይጻፋል።

ሁለቱም ካልተገኘ በስሌት መገመት ይቻላል። አንድ ሜትር ኩብ ብረት 7,850 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ማለትም አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ፣ ውፍረቱ 10 ሚሊ ሜትር ብቻ የሆነ ላሜራ 78 ኪሎ ተኩል ነው። ብረት ዓይንን የሚያታልለው በዚህ ነው።

ውስጡ ያለውንም አትርሱ። ትራንስፎርመር ዘይት አለው፣ ጀነሬተር ነዳጅ አለው። ክሬኑ ላይ ደግሞ መንጠቆው፣ ሻክሉና ሰንሰለቱ ራሳቸው ክብደት ስለሆኑ አብረው ይደመራሉ።

2. ክብደቱ ያረፈው የት ነው?

ክብደቱን ማወቅ ብቻውን አይበቃም፣ ማሽኑ በየትኛው በኩል እንደሚከብድ ማወቅም ያስፈልጋል። መንጠቆው ከክብደቱ መሃል በላይ ካልሆነ ማሽኑ ገና ሲነሳ ራሱን ለማስተካከል ይዘማል ወይም ይወዛወዛል። ይሄ የተፈጥሮ ሕግ ነው፣ ግፊያ አያቆመውም።

ቶርኖን እንይ። ሞተሩና ጊርቦክሱ ያለበት ጫፍ ከሌላው ጫፍ በጣም ይከብዳል። ስለዚህ ልክ መሃሉ ላይ አንጠልጥሎ ማንሳት ማለት እንዲዘም መጋበዝ ነው። ትክክለኛው አሠራር ተንሸራታች ክፍሎቹን ወደ ቀላሉ ጫፍ ገፍቶ ሚዛኑን ማስተካከልና እንዳይንቀሳቀሱ ጠበቅ አድርጎ መቆለፍ ነው። ቀበቶው ደግሞ በማሽኑ ጎን የተዘረጋውን ረጅም የብሎን ዘንግ እንዳይጫነው መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ ዘንጉ ከተጣመመ ማሽኑ በሰላም ቢወርድም ሥራው ተበላሸ ማለት ነው።

የላይኛው ክፍሉ የሚከብድ ማሽን ሌላ ጣጣ አለው። ቀበቶው የተያዘው ከክብደቱ መሃል በታች ከሆነ ዕቃው አየር ላይ እያለ ሊገለበጥ ይችላል።

3. ሁሉም ሰው የሚስተው፦ ማዕዘኑ

ይሄን ክፍል ቀስ ብላችሁ አንብቡት።

20 ሊትር ውሃ የሞላ ጀሪካን በገመድ አስራችሁ ከጓደኛችሁ ጋር ተሸከሙት እንበል። ተጠጋግታችሁ ስትቆሙ ቀላል ነው። አሁን እየተራራቃችሁ ሂዱ። ገመዱ እየተዘረጋ በሄደ ቁጥር ክንዳችሁ ይቃጠላል። ውሃው ጠብታ አልጨመረም፣ ገመዱ ላይ ያለው ጉተታ ግን ጨምሯል።

ክሬን ላይም ያው ነው። 2 ቶን ማሽን በሁለት ቀበቶ ብናነሳ፦

▪ ሁለቱም ቀበቶ ቀጥ ብሎ ከቆመ እያንዳንዱ 1 ቶን ይይዛል።
▪ ቀበቶው ከአግድም መስመር 60 ዲግሪ ከሆነ እያንዳንዱ 1,155 ኪሎ ገደማ ይይዛል።
▪ 45 ዲግሪ ከሆነ እያንዳንዱ 1,414 ኪሎ ገደማ ይይዛል።
▪ 30 ዲግሪ ከሆነ እያንዳንዱ 2 ቶን ይይዛል።

የመጨረሻውን ልብ በሉ። በ30 ዲግሪ እያንዳንዱ ቀበቶ የማሽኑን ሙሉ ክብደት ያህል ይጎተታል። «ሁለት ቀበቶ ስላለን ግማሽ ግማሽ ነው» የሚለው ሐሳብ እዚህ ላይ ይበጠሳል፣ አንዳንዴ ከቀበቶው ጋር።

ያለ ምንም መሣሪያ ማረጋገጥ የሚቻልበት መንገድ አለ። ሁለቱ ቀበቶዎች ማሽኑን የያዙበትን ቦታ ርቀት ለኩ። እያንዳንዱ ቀበቶ ከመንጠቆው እስከ ማሽኑ ያለው ርዝመት ከዚያ ርቀት ጋር እኩል ከሆነ ማዕዘኑ 60 ዲግሪ ነው። ቀበቶው ካጠረ ማዕዘኑ ከዚያ ያነሰ ነውና ረዘም ያለ ቀበቶ አምጡ።

4. ቀበቶው ቀለም አለው፣ ቀለሙም ትርጉም አለው

የማንሻ ቀበቶ፣ ብዙዎች ቤልት የሚሉት፣ ቀለሙ ለውበት አይደለም። በአውሮፓ ደረጃ መሠረት ለተሠሩት ቀለሙ ቀጥ ብሎ ሲሰቀል የሚችለውን ክብደት ይናገራል። ስክሪንሾት አድርጉት፦

▪ ሐምራዊ፦ 1 ቶን
▪ አረንጓዴ፦ 2 ቶን
▪ ቢጫ፦ 3 ቶን
▪ ግራጫ፦ 4 ቶን
▪ ቀይ፦ 5 ቶን
▪ ቡናማ፦ 6 ቶን
▪ ሰማያዊ፦ 8 ቶን
▪ ብርቱካናማ፦ 10 ቶንና ከዚያ በላይ

ማስጠንቀቂያ! ሁሉም አምራች ይሄን የቀለም አሠራር አይከተልም። የመጨረሻው ዳኛ ቀበቶው ላይ የተሰፋው ጨርቅ፣ ማለትም ሌብሉ ነው። ሌብሉ ከተቀደደ ወይም ካልተነበበ ቀበቶው አዲስ ቢመስልም ለማንሳት አይውልም።

አስተሳሰሩም ቁጥሩን ይለውጠዋል። ቀበቶውን በሸምቀቆ አስራችሁ ካነሳችሁ አቅሙ ወደ 80 በመቶ ይወርዳል። ባለ 2 ቶኑ 1,600 ኪሎ ሆነ ማለት ነው። በዕቃው ስር አሳልፋችሁ ሁለቱንም ጫፍ መንጠቆው ላይ ብታደርጉና ሁለቱም ጎን ቀጥ ብሎ ቢቆም ግን እጥፍ ይችላል። ቀበቶ አጠረ ብሎ መቋጠር ፈጽሞ አይፈቀድም። ቋጠሮ ብርታቱን በግማሽ ሊቀንሰው ይችላል።

ሌላ የሚምታታ ነገር አለ። መኪና ላይ ዕቃ ማሰሪያ የሆነው፣ በእጀታ የሚጠበቀው ቤልት የማንሻ ቀበቶ አይደለም። መልካቸው ይመሳሰላል፣ ሥራቸው ግን ለየቅል ነው።

የቀበቶ ትልቁ ጠላት ስለት ያለው ጠርዝ ነው። እ.ኤ.አ. ማርች 15 ቀን 2008 ኒውዮርክ ማንሃተን ውስጥ የሆነውን ማየት ይበቃል። ሠራተኞች አንድን የግንባታ ክሬን ከፍታ ለመጨመር 5 ቶን ገደማ የሚመዝን የብረት አንገትጌ በአራት የፖሊስተር ቀበቶ ሰቅለው ነበር። ቀበቶዎቹ ተበጠሱ። አንገትጌው ቁልቁል ወርዶ ክሬኑን ከሕንፃው ጋር የያዙትን ማሰሪያዎች ቆረጣቸው፤ ክሬኑም ተገንድሶ ሰፈሩ ላይ ወደቀ። 7 ሰዎች ሞቱ። መርማሪዎች ከቀበቶዎቹ አንዱ አስቀድሞ የተጎዳ እንደነበረ፣ ስለታም ጠርዝ ላይም ያለ መከላከያ መታሰራቸውን፣ ብዛታቸውም አምራቹ ከመከረው ያነሰ እንደነበር ገልጸዋል።

ግዙፍ ክሬን የወደቀው እጅ ላይ በሚጠቀለል ጨርቅ ምክንያት ነው። ያውም በወቅቱ ስለታም ጠርዞቹ በወፍራም ጎማ ቢሸፈኑና ያረጀው ቀበቶ ቢጣል ኖሮ ወጪው ከምንም የሚቆጠር አልነበረም።

ስለዚህ ከማንሳታችሁ በፊት ቀበቶውን ከጫፍ እስከ ጫፍ በእጃችሁ እያሳለፋችሁ እዩት። የተቆረጠ፣ የቀለጠ፣ ስፌቱ የተፈታ፣ አሲድ ወይም ብየዳ የነካው ካለ ቆርጣችሁ ጣሉት። «ቆርጣችሁ» ያልነው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሙሉውን ከተጣለ ነገ ሌላ ሰው አንስቶ ይጠቀምበታል።

የሽቦ ገመድ ከሆነ ደግሞ በባዶ እጅ አትዳስሱ፣ የተበጠሰ ሽቦ እንደ መርፌ ይወጋል። አንዱ ጥምዝ ገመዱን አንድ ጊዜ ሙሉ በሚዞርበት ርዝመት ውስጥ 10 የተበጠሱ ሽቦዎች፣ ወይም በአንዱ ጥምዝ ብቻ 5 ከተገኙ ገመዱ ዕድሜው አልቋል። የተጣጠፈ፣ የተጨፈለቀ ወይም ጥምዙ ተፈቶ እንደ ወፍ ጎጆ የተነፋ ገመድም አይመለስበትም።

5. መንጠቆ፣ ሻክል፣ ቀለበት

መንጠቆው አፉ ላይ መዝጊያ ምላስ ሊኖረው ይገባል። ምላሱ ተሰብሮ በሽቦ የታሰረ ከሆነ ገመድ ሊያመልጥ ይችላል። የሻክል ብሎን ሲጠፋ ከሱቅ ተራ ብሎን ገዝቶ መግጠም የተለመደ ነው፤ ግን አደገኛ ነው፣ ብረቱ አንድ ዓይነት አይደለም።

ሞተር አናት ላይ ያለውን ቀለበት በሚመለከት ሁለት ነገር ያዙ። አንደኛ፣ ያ ቀለበት የተሠራው ሞተሩን ብቻ ለማንሳት ነው። ሞተሩ ከፓምፕ ወይም ከጊርቦክስ ጋር ተገጥሞ እያለ በዚያች ቀለበት ሁሉንም ማንሳት አይቻልም። ሁለተኛ፣ ቀለበት የሚወደው ቀጥ ብሎ ወደ ላይ መሳብን ነው። በ45 ዲግሪ ወደ ጎን ከተሳበ አቅሙ ወደ 30 በመቶ ሊወርድ ይችላል። አንገቱ ላይ ማረፊያ የሌለው ቀለበት ከሆነ ደግሞ ወደ ጎን ጭራሽ አይሳብም።

6. «25 ቶን ክሬን» ሁልጊዜ 25 ቶን አያነሳም

ክሬኑ ላይ የተጻፈው ቁጥር ዕቃው በጣም ቅርብ ሲሆን የሚያነሳው ነው። ክንዱ ወደ ውጭ በተዘረጋ ቁጥር አቅሙ በፍጥነት ይወርዳል፤ ራቅ ሲል ጥቂት ቶን ብቻ ሊቀረው ይችላል። የክሬኑ ክፍል ውስጥ ይሄን የሚያሳይ ሠንጠረዥ አለ። ጥሩ ኦፕሬተር ከማንሳቱ በፊት «ርቀቱ ስንት ሜትር ነው?» ብሎ ይጠይቃል። የማይጠይቅ ከሆነ እናንተ ጠይቁት።

ከዚያ መሬቱን እዩ። ክሬኑ እግሮቹን ዘርግቶ የሚቆመው በአፈር ላይ ነው። በክረምት የራሰ መሬት፣ በቅርቡ ተቆፍሮ የተሞላ የውሃ መስመር፣ የፍሳሽ ቱቦ ክዳን፣ ሁሉም ሊሰምጥ ይችላል። ከእግሩ ስር ሰፊና ጠንካራ እንጨት ወይም የብረት ሳህን ይነጠፋል።

ቀና ብላችሁም እዩ። በየመንገዱ ያለው የመካከለኛ ኃይል መስመር 15 ወይም 33 ኪሎ ቮልት ተሸክሟል። ክሬኑም፣ ገመዱም፣ ዕቃውም ቢያንስ 3 ሜትር መራቅ አለባቸው። የኃይሉ መጠን ከፍ ባለ ቁጥር ርቀቱም ይጨምራል። ከተቻለ መስመሩን ማስጠፋት ይሻላል።

ነፋስም ራሱን የቻለ ክብደት ነው። እ.ኤ.አ. ጁላይ 14 ቀን 1999 አሜሪካ ሚልዋኪ ውስጥ ከ400 ቶን በላይ የሚመዝን የስታዲየም ጣሪያ እያነሳ የነበረ ትልቅ ክሬን ወድቆ 3 ሠራተኞች ሞተዋል። ነፋሱ በዚያ ሰፊ ጣሪያ ላይ የሚያሳድረው ግፊት ስሌት ውስጥ አልገባም ነበር። ማሽናችሁ ሰፊ ሳጥን ወይም ላሜራ ከሆነ ነፋሻ ቀን ላይ አታንሱት።

7. የት ነው የቆማችሁት?

ከተንጠለጠለ ዕቃ ስር ማንም አይቆምም፣ ማንም አያልፍም። ለአንድ ሰከንድም ቢሆን።

ከስር አለመሆን ብቻ ግን አይበቃም። በዕቃውና በማይንቀሳቀስ ነገር መካከል፣ ማለትም በማሽኑና በግድግዳ ወይም በማሽኑና በመኪና ስፖንዳ መካከል መግባት ያው አደጋ ነው። ያ ልጅ የገባው እዚያ ነበር። ሁለት ቶን ነገር በዝግታ ሲወዛወዝ ቀላል ይመስላል፤ በእጅ ለማቆም ሲሞከር ነው የሚታወቀው።

ዕቃውን ለማዞር መፍትሔው ርካሽ ነው፦ ገመድ። ከመነሳቱ በፊት ማሽኑ ጫፍ ላይ ረጅም ገመድ ይታሰርና ከሩቅ ሆኖ ይመራል። ገመዱን እጅ ላይ ወይም ወገብ ላይ መጠቅለል የለም፣ ዕቃው ከሄደ ይዞ ይሄዳል።

ደግሞ የሙከራ ማንሳት የሚባል ነገር አለ። ዕቃው ከ10 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ብቻ ይነሳና ይቆማል። ዘመመ? ቀበቶው ተንሸራተተ? የክሬኑ እግር ሰመጠ? አንዱም ካለ ይወርድና እንደገና ይታሰራል። ይሄ ከአምስት ደቂቃ አይበልጥም።

8. «ቁም!»

ክሬን ሲሠራ ምልክት የሚሰጠው አንድ ሰው ብቻ ነው። ኦፕሬተሩ የሚያውቀው፣ የሚያየው፣ በዓለም ላይ የተለመደውን የእጅ ምልክት የሚያሳይ አንድ ሰው። ለምሳሌ ክንድ ቀጥ ብሎ ጣት ወደ ላይ እያመለከተ ትንሽ ሲሽከረከር «አንሳ»፣ ጣት ወደ ታች እያመለከተ ሲሽከረከር «አውርድ» ማለት ነው። ሦስት ሰው በአንዴ ሲጮህ ግን ኦፕሬተሩ የሚሰማው ጫጫታ ነው።

ለዚህ ሕግ አንድ ልዩነት ብቻ አለው። «ቁም» የሚለውን ምልክት ማንም ሰው ሊሰጠው ይችላል። ፎርማን መሆን አያስፈልግም። ሻይ ይዛ የመጣች ልጅም፣ ለዕለቱ የተቀጠረ ልጅም፣ ስልክ ይዞ የቆመ ጋዜጠኛም መስጠት ይችላል። ኦፕሬተሩም ማን ነው ያለው ሳይል የማቆም ግዴታ አለበት። ሁለት ክንድ ወደ ጎን ይዘረጋል፣ መዳፍ ወደ ታች፣ ከዚያ ወዲያና ወዲህ ይወዛወዛል። በቃ።

ተሳስታችሁ ብታስቆሙ የሚጠፋው ሁለት ደቂቃ ነው። ምናልባት ትንሽ ይሳቅባችኋል።

9. ሕጉስ ምን ይላል?

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሠራተኛውን ደህንነትና ጤንነት የመጠበቅ፣ የአደጋ መከላከያ መሣሪያ የማቅረብና ስለ ሥራው አደጋ የማሳወቅ ግዴታ አሠሪው ላይ ጥሏል። ሕይወትን የሚያሰጋ አደጋ መኖሩን አሠሪው እያወቀ እርምጃ ካልወሰደ ሠራተኛው ያለ ማስጠንቀቂያ ሥራውን መልቀቅ ይችላል።

ሌላም ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ሠራተኛ በሥራ ላይ ሲጎዳ አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ ኃላፊነት አለበት። ሠራተኛው ሆን ብሎ ራሱን ከጎዳ፣ የተሰጠውን የደህንነት መመሪያ አውቆ ከጣሰ ወይም ሰክሮ ከሠራ ግን ይሄ ይለወጣል። «ግባ» ተብሎ የገባ ልጅ «እድሉ ነው» ተብሎ የሚሸኝበት የሕግ አንቀጽ የለም።

ወደ ልጁ እንመለስ

ቪዲዮውን አሁን ስናየው ሌላ ነገር ነው የሚታየን። የቶርኖው ተንሸራታች ክፍል ከባዱ ጫፍ ላይ ነበር። ቀበቶዎቹ አጭር ስለነበሩ ማዕዘኑ ጠፍጣፋ ነበር። የሙከራ ማንሳት አልተደረገም። መምሪያ ገመድ አልነበረም። ሦስት ሰው በአንዴ ያዝ ነበር። ከእነዚህ አንዱ እንኳ ቢስተካከል ኖሮ ልጁ ዛሬ አሥር ጣት ይኖረው ነበር ብለን እናምናለን።

የእኛም ድርሻ እዚያው ቪዲዮ ውስጥ አለ። 11 ሰከንድ፣ የተዘጋ አፍ፣ የተከፈተ ካሜራ።

ቀጣዩ ጀነሬተር ወይም ትራንስፎርመር ሰፈራችሁ ሲወርድ መቅረጻችሁ አይቀርም። ቅረጹ። ግን ሲዘም ካያችሁ፣ ሰው ወደ መሃል ሲገባ ካያችሁ፣ ስልኩን ኪስ ክተቱና ሁለት ክንዳችሁን ዘርጉ። ጩኹ፦ «ቁም!»

ጫኝና አውራጅ፣ ጋራዥ ወይም ሳይት ላይ የሚሠራ ወንድም፣ ጓደኛ ወይም ጎረቤት ካላችሁ ይሄን ላኩለት። እናንተም በሥራ ቦታችሁ ያያችሁትን ኮመንት ላይ ጻፉልን። የድርጅት ስም ሳትጠቅሱ።